ዝም ብሎ የመቆም ተራ

በማኅበራችን «ውሃ ልክ» የምንላቸው ሴትዮ አሉ። ከቦርሳቸው ውስጥ ከመነጽራቸውና ከመሐረባቸው ጋር ትንሽ ውሃ ልክ አትጠፋም። ሰው ቤት ሲጋበዙ እንኳ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጧትና አረፋዋ ወዴት እንደሄደች ያያሉ። «ቤትሽ ጥሩ ነው፣ ወለልሽ ግን ወደ ጓዳ ያዘነብላል» ማለት ለእሳቸው ምስጋና ነው። በስማቸው የሚጠሯቸው ባለቤታቸው ብቻ ነበሩ። ባልየው መሬት ቀያሽ ነበሩ፤ ዘንድሮ ዝናቡ ሊገባ ሲል ሞቱ።

ከዚያ ወዲህ ሴትዮዋ ደነዘዙ። ሌላ ቃል የለኝም። አላለቀሱም። ልናጽናናቸው ስንሄድ ወንበር አመጡልን፣ ሻይ አቀረቡልን፣ «በርቱ» ብለው ሸኙን። ማን ማንን እንዳጽናና እስካሁን አልገባኝም። የባለቤታቸው የሥራ ቦት ጫማ ጭቃው እንደደረቀበት በሩ ላይ ነበር፤ እየተሻገርነው ወጣን።

ማኅበር ስል የመሐንዲሶች ማኅበር የሴቶች ክፍል ማለቴ ነው። ስብሰባ እንወዳለን። ስለ ድጋፍ የማንናገርበት ጊዜ የለም፣ ግማሹ ወሬ ነው። አንድ ነገራችን ግን ወሬ አይደለም፤ «መቆም» እንለዋለን። አንዲት ጀማሪ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ ኃላፊነት አርማታ ስታስሞላ፣ ከነባሮቹ አንዷ ሳይቷ ድረስ ሄዳ አጠገቧ ትቆማለች። ትቆማለች ብቻ። አፏን መክፈት ክልክል ነው። አንዴ አንዷ አላስችላት ብሎ ፎርማኑን ተቆጣችና፣ ልጅቱ ከዚያ በኋላ «እናትሽን ጥሪያት» እየተባለች ሥራውን ጥላ ወጣች።

ሐሳቡ የመጣው ከራሳቸው ከውሃ ልክ ነው። ወጣት ሳሉ የመጀመሪያ አርማታቸውን ሲያስሞሉ፣ ሥራውን የጨረሰ አንድ ቀያሽ የመቀየሻ መሣሪያውን እግር እያጠፈና እየዘረጋ አጠገባቸው ዋለ። አንድ ቃል አልተነፈሰም። በኋላ አገቡት።

የእኔ የመጀመሪያ አርማታ ቀን ሲደርስ ተረኛዋ እሳቸው ሆኑ። ሊቀመንበሯ ደውላ «ሌላ ሰው እንላክላት፣ እርስዎ ይረፉ» ብትላቸው «ከምኑ ነው የማርፈው?» አሏት።

እኔ በበኩሌ የራሴ ጭንቀት ነበረኝ። ሥራ አስኪያጁ «ከፎርማኑ ጋር ካልተግባባሽ ቢሮ ተመልሰሽ ንድፍ ትስያለሽ» ብሎኛል። ፎርማኑ ክፉ ሰው አይደለም፤ እኔን ከቁም ነገር አለመቁጠሩ ነው እንጂ። «ኢንጂነርዬ» ይለኛል፣ ድመት እንደሚጠራ ሰው። ምሰሶዎቹ የብረት ፌሯቸው ታስሮ፣ አርማታ የሚፈስበት ካሳፎርማቸው ቆሞ ይጠብቃሉ። ያን ቀን ቃሌ ካልተሰማ ሌላ ቀን እንደማይሰማ አውቃለሁ።

ውሃ ልክ በጠዋት መጡ። ሄልሜታቸውን አደረጉና ከአሸዋው ክምር አጠገብ ቆሙ። ሰላምታዬን በአንገታቸው መለሱልኝ።

የአርማታው መኪና አርፍዶ መጣ። ገና ሲንቆረቆር ዓይኔ ጠላው፤ ቀጥኗል። መንገድ ላይ ሊደርቅበት ሲል ሾፌሩ ውሃ ጨምሮበታል። ቅጥነቱን የምንፈትሽበትን የብረት ቆብ ሞልተን ስናነሳው አርማታው መቆም አቅቶት መሬት ላይ ተዘረጋ። ውሃ የበዛበት አርማታ ከደረቀ በኋላም ደካማ ነው፤ ይህን ፎርማኑም ያውቃል።

«ይመለስ» አልኩ።

«ምኑ?»

«መኪናው። ይሄንን አላስሞላም።»

«ኢንጂነርዬ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሥራ ፈትቶ የቆመ ሠራተኛ አለ እኮ። ሲደርቅ ይጠነክራል፣ አታካብጂ።»

«ይመለስ አልኩ።»

ድምፄ ቀጠነብኝ። ሠራተኞቹ አካፋቸውን ተደግፈው ያዩናል። ፎርማኑ እኔን ትቶ ወደ ውሃ ልክ ዞረ።

«እትዬ፣ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት። እስቲ ይንገሯት፣ በዚህ ዓይነት ሥራ ይሠራል?»

እኔም አየኋቸው። ሕጉን እያወቅሁ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «ይናገሩ፣ ይናገሩ» እያልኩ በልቤ ለመንኳቸው። እሳቸው መኪናውን ያያሉ። ፊታቸው ላይ አንድም ነገር አልተንቀሳቀሰም። «እትዬ?» አለ ፎርማኑ ደግሞ። ዝም። እሱ ከዚያ ዝምታ የሚይዘው ነገር አጣ፤ እኔም አጣሁ። የሚናገር ሰው ከተፈለገ ያለሁት እኔው ብቻ ነበርኩ።

«ይሄ ምሰሶው ውስጥ ከገባ ነገ አስፈርሰዋለሁ» አልኩ። «መኪናው ይመለስ፣ ሌላ ይምጣ።»

ፎርማኑ ጓንቱን አውልቆ ጭኑን መታበት። ከዚያ ወደ ሾፌሩ ዞረ። «ሰምተሃል አይደል? መልስ ብላሃለች።»

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ምንም አልተሰማኝም። ሌላው መኪና መጣ፣ ቆቡ ሲነሳ አርማታው ትንሽ ሰመጠና ቆመ፣ ሞላን።

ሥራው አልቆ በመኪናዬ ስሸኛቸው «እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» አልኳቸው። «እንዴት ቻሉት ግን? እኔ ብሆን አፌ አይያዝልኝም።»

«ምኑን?»

«ፎርማኑ ሲለምንዎት ዝም ማለቱን።»

ፊታቸውን ከመስኮቱ መለሱ።

«ለመነኝ እንዴ? አልሰማሁትም፣ ልጄ። የመኪናው በርሜል ሲዞር እያየሁ ነበር። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ሰው ሲያወራኝ አፉ ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ…» አልጨረሱትም።

ተናደድኩ። በእሳቸው ዝምታ ተደግፌ ነው የቆምኩት፤ ለካ እዚያ አልነበሩም! ንዴቴ ግን ሩቅ አልሄደም። ሌላው ሁሉ ጠፍቶባቸው ተራቸውን አልረሱም፤ ለብሰው፣ መጥተው፣ ቆመው ዋሉልኝ።

በራቸው ደረስን። ቦት ጫማው አሁንም እዚያው ነው። ተሻግረውት አልገቡም።

«መነሳት ነበረበት» አሉ። «ዛሬ አነሳዋለሁ፣ ዛሬ አነሳዋለሁ እላለሁ…»

«ላንሳልዎት?»

«አይ! አንቺ እንዳትነኪው።» ቁልፋቸውን ወደ ቦርሳቸው መለሱ። «ቁሚልኝ ብቻ።»

ቆምኩ። ጎንበስ ብለው አነሱት። የደረቀው ጭቃ ከሥሩ ተፈረካክሶ ጫማዬ ላይ ረገፈ። ቦቱን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ፊታቸው ተቀያየረ፣ ከዚያ አለቀሱ፣ ከሆዳቸው ውስጥ። «አይዞዎት» ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ሕግ ሕግ ነውና አፌን ይዤ ቆምኩላቸው።