ማዶ ያለችው ወንድም አላት

ከጭሮ መናኸሪያ ወጥታችሁ የሐረርን አስፋልት ትንሽ ሽቅብ ስትሄዱ በስተቀኝ የኔን ሱቅ ታገኛላችሁ፤ በስተግራ ደግሞ የእሷን። ሥራችን አንድ ነው፤ በኮምፒውተር እንጽፋለን፣ ኮፒ እናደርጋለን፣ የሠርግ ጥሪና የትምህርት ቤት ፈተና እናትማለን። በመሃላችን ያለው አስፋልቱ ብቻ ነው። ከምሳ በኋላ ወንዱ ጫቱን ይዞ ሲቀመጥና ከተማው ድምፁን ሲቀንስ፣ የእሷ ሳቅ እኔ ሱቅ ድረስ ይሰማል።

እቀናለሁ። ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። በሯ ላይ ሰው ቆሞ ሳይ እጄ ኪቦርዱ ላይ ይቀራል። የምጽፍ መስዬ በመስኮት አያለሁ፤ ማን ገባ፣ ስንት ገጽ ይዞ ወጣ፣ ሲወጣ ፈገግ ብሎ ነው ወይ። አንዳንዴ የኔ ደንበኛ የነበረ ሰው በዚያኛው ጠርዝ ሲያልፍ አየዋለሁ። እኔ እንዳላየሁት አጎነብሳለሁ፣ እሱም እንዳላየኝ ፊቱን ያዞራል። ባሌ «ጸልዪበት» ይለኛል። ጸልያለሁ። ስጸልይ ግን «ሥራዋን ባርክላት» የምትለዋን ቃል ዘልዬ አሜን እላለሁ።

ኮምፒውተር የተማርነው አንድ ወንበር ላይ ግማሽ ግማሹን ተቀምጠን ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ነበረች፤ እንግዶች መጥተው አሮጌ ኮምፒውተሮች አስቀምጠውባት ሄዱ። የተጫነባቸው ሊኑክስ የሚባለው ነበር። ለማታውቁት ልንገራችሁ፦ ኮምፒውተር ሲከፈት ሁሉን ነገር የሚያንቀሳቅስ ሲስተም አለው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ዊንዶውስን ነው፤ እሱ የሚሸጥ ነው። ሊኑክስን የሠሩት ሰዎች ግን ውሰዱት፣ አባዙት፣ ከቻላችሁም ውስጡን ከፍታችሁ አስተካክሉት ብለው ለሁሉም ሰጥተውታል።

አስተማሪ አልነበረንም። እኔና እሷ መዘምራን ስለነበርን የክፍሉ ቁልፍ እኛ ጋ ነው የሚውለው። ከልምምድ በፊት ገብተን እንነካካለን፤ ሲበላሽ እንደነግጣለን፣ ሲስተካከል እናጨበጭባለን። እኔ ትምህርቴን አስረኛ ሳልደርስ ነው ያቋረጥኩት። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ሰርተፊኬት የጠየቀኝ የለም። ሲስተሙ ራሱ ውስጥ ማብራሪያ ተጽፎ አለ፤ እንግሊዝኛውን በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ አንዱን ገጽ ሳምንት እይዘው ነበር። ሲገባኝ የሚሰማኝን ደስታ አሁን እንኳ ሳስበው ፊቴ ይሞቃል።

እሷ ቶሎ ሰለቻት። «ይሄ ነገር ወዝ የለውም አቦ» ትለኝ ነበር። አንድ ክረምት አዲስ አበባ ወንድሟ ጋ ሄደች። ወንድሟ የሚሠራው ኢንተርኔቱ ቀኑን ሙሉ በማይቋረጥበት ትልቅ መሥሪያ ቤት ነው። ስትመለስ አንድ ሃርድ ዲስክ ይዛ መጣች፤ ዊንዶውሱ፣ የመጻፊያ ፕሮግራሙ፣ የሠርግ ካርድ ማቀናበሪያው፣ የአማርኛ ፊደሉ ሁሉ ተሞልቶ። አንዱም አልተከፈለበትም፤ ሁሉም መክፈቻው የተሰበረለት ነው።

ሰው አላምን የሚለኝ እዚህ ላይ ነው። የሚሸጠው ሲስተም በእኛ አገር ከየትም ይገኛል። ሂርናም ሂዱ ገለምሶም፣ ሌላው ቀርቶ ቦኬ በገበያ ቀን ጃንጥላ ሥር የተቀመጠው ስልክ ጠጋኝ «ሙዚቃ ልሙላልሽ ወይስ ዊንዶውስ?» ይላችኋል። የኔን ግን የያዘ ሰው የለም። ከኢንተርኔት ላውርደው ስል ለወር ብዬ የገዛሁት ጥቅል መንገድ ላይ ያልቅና የወረደውም ከንቱ ይቀራል። አንዴ ዋይፋይ ያለበት ሆቴል ገብቼ ማኪያቶ አዝዤ ተቀመጥኩ። ማኪያቶው አለቀ፣ ሌላ አዘዝኩ። ማውረዱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መብራት ሄደ። አስተናጋጇ መጥታ «ልድገምሽ?» አለችኝ። የሠሩት ሰዎች ምንም አልጠየቁኝም፤ እኔ ጋ እስኪደርስ ያለው መንገድ ነው ያስከፈለኝ። ስለዚህ ሱቄ ያለው ሲስተም ያው ከእንግዶቹ የገለበጥኩት አሮጌው ነው።

ደንበኛ ይገባና ስክሪኑን ያያል።

«ይሄ ምንድን ነው? ቻይና ነው?»

«ሊኑክስ ነው።»

«እንዴ፣ ማዶ እኮ ሌላ ነው ያለው።»

ማዶ። ሁሌ ማዶ።

እርግጥ የኔ አንድ ጸጋ አለው፤ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዞረው ቫይረስ አይዘውም። የአንዱ ፋይል ሲጠፋበት እሷ ራሷ «ወደ እህቴ ተሻገር፣ የሷ አይታመምም» እያለች ትልክልኛለች። በዚህም እቀናለሁ። ሰው የሚተርፋት፣ ለኔ የምትልከው የማታጣ እሷ ናት።

ሰኔ ሊገባ ሲል የገለምሶ አንድ የግል ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር መጡ። የእኚህን ሰው የዓመት መጨረሻ ፈተና የማትመው እኔ ነኝ። ክረምት ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ የሱቅ ኪራይ አይዘጋም፤ ያቺ ሥራ ከሌለች መስከረምን ሱቄ ውስጥ ሆኜ አላየውም። እስከዚያ ድረስ ፈተናውን በእጅ ጽፈው ነበር የሚያመጡልኝ። ዘንድሮ መምህራኑ በየላፕቶፓቸው ጽፈው በፍላሽ ላኩት።

ከፈትኩት። የአፋን ኦሮሞው በላቲን ስለሚጻፍ ደህና ነው። የአማርኛው ግን ፊደሉ ጠፍቶ ሳጥን በሳጥን ሆኗል፤ «አዛምድ» የሚለው ሠንጠረዥ ግማሹ ከገጹ ወጥቷል። ርዕሰ መምህሩ በትከሻዬ በኩል ጎንበስ አሉ።

«ይሄ የቱ ፈተና ነው?»

«አማርኛ ነው ጋሼ።»

«አማርኛው የቱ ጋ ነው?»

«ሲስተሜ አሮጌ ሆኖ ነው። አዲሱን ሳስገባ ይስተካከላል፤ እስከ ዓርብ ይታገሱኝ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «እህቴ፣ አንቺን መተው አልፈልግም። ልጆቹ ግን በሚቀጥለው ሳምንት ይፈተናሉ። ዓርብ መጥቼ ካልተከፈተ፣ ይዤው ማዶ እሻገራለሁ።»

ድሬዳዋ ላለችው ያክስቴ ልጅ ደወልኩ። የምትሠራበት ቢሮ ኢንተርኔት አለ። አዲሱን ሊኑክስ ከነመጻፊያው ፍላሽ ላይ አውርዳ፣ ኮምፒውተር ሲነሳ በቀጥታ እንዲጭን አድርጋ በሚኒባስ ላከችልኝ። እኛ አገር ሁሉ ነገር በሾፌር ነው የሚላከው፤ መድኃኒቱም፣ የሙሽራ ቀሚሱም፣ የተረሳ ቁልፉም። ሐሙስ ከምሳ በፊት ሾፌሩ ደወለ።

«እቴ፣ ዕቃሽን ለዚያች ለኮምፒውተሯ ሰጥቻታለሁ።»

«ለየቷ ኮምፒውተር?»

«ለሳቂታዋ ነዋ። ያንቺ ተዘግቶ ነበር። ወላሂ፣ እህቷ ነኝ አለችኝ።»

የተዘጋው ወረቀት ልገዛ ወጣ ብዬ ነው። ማዶ ስመለከት ሰው ከቧታል። ሄጄ ከደንበኞቿ መሃል እጄን መዘርጋት አስጠላኝና ተቀመጥኩ። ከሰዓት በኋላ ራሷ ተሻገረች፤ ፍላሹን ከአንድ ፌስታል ማንጎ ጋር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ «ሞልቼልሻለሁ» ብላ ወደ ሥራዋ ሮጠች።

ሰካሁት። ዊንዶውስ አለ። የመጻፊያው ፕሮግራም ከነመስበሪያው አለ። የአማርኛ ፊደል በየዓይነቱ፣ የቅርብ ጊዜ መዝሙር፣ ወደ አማርኛ የተመለሰ ድራማ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ክፍል። ያክስቴ ልጅ የላከችው የለም።

መንገዱን እንዴት እንደተሻገርኩ አላውቅም፤ አንድ ባጃጅ ጡሩንባ ሲነፋብኝ ብቻ ትዝ ይለኛል።

«ውስጡ የነበረውን ምን አደረግሽው?»

«የምኑን ውስጥ?»

«የፍላሹን።»

«ምንም አልነበረበትም እኮ። ስሰካው ኮምፒውተሩ ይሄን ማንበብ አልችልም፣ ልደምስሰው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ቫይረስ የበላው መሰለኝ።» የሷ ዊንዶውስ ሊኑክስ የተጫነበትን ፍላሽ አያነበውም፤ የተበላሸ ይመስለዋል።

«መጀመሪያ ነገር የኔን ፍላሽ ለምን ሰካሽው?»

«ከድሬ ስለመጣ አዲስ መዝሙር ይኖረዋል ብዬ ነዋ።» ፈገግ ልትል ነበር፤ ፊቴን አይታ ተወችው። «ከደመሰስኩት በኋላ ደግሞ ባዶውን እንዴት እመልስላታለሁ ብዬ ሞላሁት። የሰው ሳህን ባዶውን ይመለሳል እንዴ?»

አይመለስም። እሷም እኔም እንደዚያ ነው ያደግነው፤ ጎረቤት ሽሮ የላከበት ሳህን ቢያንስ ቆሎ ይዞ ይመለሳል። በሳህን ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

«ሆን ብዬ ያደረግሁት መሰለሽ?» አለችኝ።

ዓይኔን ወደ ማተሚያዋ አዞርኩ። እንደ አዎ ተቆጠረ። ኮፒያቸውን ሲጠብቁ የነበሩ አንዲት እናት ከጥግ ሆነው «ልጆቼ፣ የኔን ስጡኝና ከዚያ ትጣላላችሁ» አሉ። ሰጠቻቸው። ከወጡ በኋላ የርዕሰ መምህሩን ነገር፣ የዓርቡን ነገር ነገርኳት። ፍላሹን ከድሬዳዋ የላከችልኝ ያክስቴ ልጅ ልካው ወዲያው ለመስክ ሥራ ከከተማ እንደወጣች፣ ሌላ መላክ እንደማትችልም ነገርኳት።

«እሳቸው እኮ ያን ቀን ካንቺ ወጥተው እዚህ ገብተው ነበር» አለች። «ስንት ታስከፍያለሽ አሉኝ። ደንበኝነትዎ ከእሷ ጋር ነው፣ እሷ ትጨርስልዎታለች ብዬ መለስኳቸው።»

ይሄን ስሰማ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ የታሰርኩባትን ሥራ እሷ እንደ ትርፍ ነገር መለሰቻት፤ የቆጨኝ እሱ ነው። እንደዚያ ለመሆን መጀመሪያ ሊተርፍሽ ይገባል።

ሱቋን ዘግታ ተከትላኝ መጣች። ሁለት ኮምፒውተር አለኝ፤ በተሻለው ላይ ዊንዶውሱን ጫነችው፣ ፊደሉን አስገባች። የርዕሰ መምህሩን ፋይል ስትከፍተው እያንዳንዷ ፊደል ቦታዋ ላይ ቁጭ አለች። እጇ እንዴት እንደሚፈጥን አየሁ። ድሮ አንድ ወንበር ላይ ስንቀመጥ ማውሱን የምይዘው እኔ ነበርኩ።

ዓርብ ርዕሰ መምህሩ ሲገቡ እሷም ማተሚያው እንዳይተኛብኝ ብላ አብራኝ ነበረች። ስክሪኑን አይተው ፊታቸው በራ። «ይኸው፣ ቀላል ነገር ነበር» አሉ፤ ወደ እሷ ዞረውም «እግዜር ይስጥሽ፣ አወጣሽን» አሏት። እኔ ወረቀት እየደረደርኩ ነበር። ፈተናው ታተመ፣ ታሸገ፣ ወደ ገለምሶ ሄደ። ክረምቱ ተረፈልኝ።

እሳቸው እንደወጡ እጇን ወደ አሮጌው ኮምፒውተር ሰደደች። «ነይ ይሄንንም አጽድቼ ዊንዶውስ ልጫንልሽ።»

«እሱን አትንኪው።»

«ምነው፣ ባልሽን የነካሁት አስመሰልሽው።»

«ባሌን ብትነኪ ይሻላል።»

ሳቀች። እኔ ከኮምፒውተሩ ፊት አልተነሳሁም። ሳቋ ሲበርድ በርጩማ ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

«እስቲ ንገሪኝ፣ ምን አለው? ዓመት ሙሉ ስትሰቃዪበት አያለሁ። እኔ ያለኝ ሁሉ እኮ ላንቺም አለ፣ ጠይቀሽኝ አታውቂም እንጂ።»

«ያንቺ ላይ ነገ አንድ ነገር ቢበላሽ ወንድምሽ ጋ ትደውያለሽ» አልኳት። «እኔ ይሄን ራሴ ነው የማበላሸውም የማስተካክለውም። ያወቅሁት ሁሉ እሱ ላይ ነው። እሱ መጥፎ ሆኖ አይደለም። የሚያመጣልኝ ሰው ስለሌለኝ ነው የሚያረጅብኝ። አንቺ ወንድም አለሽ።»

«ወንድሜ ምን አደረገሽ?»

«ምንም። እንዲያደርግልኝ ነው የምፈልገው።»

ያን ቃል ከአፌ ለማውጣት ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ እሷ አታውቅም። እሷ ወዲያው ስልኳን አውጥታ ደወለች፣ ድምፁን ከፍ አድርጋም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ወንድምዬ፣ ሊኑክስ የሚባለውን ማውረድ ትችላለህ? ለጓደኛዬ ነው።»

«እስካሁን በሱ ትሠራለች? ጎበዝ ናት እሷ። አዲሱን ነው የምትፈልገው?» ጣቱ ኪቦርድ ሲመታ ይሰማል። «ቆይ… ጀመረ። እማዬ ጉልበቷ እንዴት ሆነ?»

ስለ እናታቸው ጉልበት አወሩ። ሐኪሙ ያዘዘው ቅባት ጠቅሟት እንደሆነ ጠየቃት፤ እሷ እማዬ ቅባቱን ለጎረቤት እያካፈለች እንደጨረሰችው ነገረችው። በሱ በኩል ሻይ የሚያማስል ማንኪያ ብርጭቆ ሲነካ ይሰማኛል።

«አለቀ» አለ። «በቅዳሜው አውቶቡስ እልከዋለሁ። ይሄን ያህል ጊዜ ለምን አልነገረችኝም?»

ያቺን ሆቴል አሰብኩ፣ ያለቁብኝን ጥቅሎች አሰብኩ። በእሱ በኩል ግን ሻዩ እንኳ አልቀዘቀዘም። በደንበኞቿ ቀንቻለሁ፣ በሳቋ ቀንቻለሁ፣ በእጇ ፍጥነት ቀንቻለሁ፤ እንደዚያን ሰዓት ግን ቀንቼ አላውቅም።

ፍላሹ መጣ። አሮጌው ኮምፒውተር ላይ ራሴ ጫንኩት፣ አሁን አማርኛው ይነበባል። የመምህራኑ ሠንጠረዥ ግን አሁንም ትንሽ ወደ ጎን ይሸሻል። ስለዚህ ፈተና ሲመጣ እሷ በጫነችው ላይ እሠራለሁ፤ ማመልከቻና ደብዳቤ፣ ይሄንንም ጽሑፍ፣ በራሴው ላይ።

ወንድሟ እሑድ እሑድ ይደውላል። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እሷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች ዞር ትልና «የሚወርድ አለሽ ወይ ይላል» ትለኛለች። አለኝ፣ ሁሌም አለኝ። የምፈልገውን እነግራታለሁ፣ እሷም ትነግረዋለች። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታኝ የቤታቸውን ወሬ ትቀጥላለች። እኔ ራቅ ብዬ ነጠላዬን እያስተካከልኩ እጠብቃታለሁ።