የሳሪየም ትከሻ

ፕራዎቶ ታላቅ እህቱን በድሏል። በደሉ የተፈጸመው በአንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ ማላንግ ከተማ በሚገኘው የገዛ ቤቱ በረንዳ ላይ፣ ብዙ ምስክሮች ባሉበት፣ በሙሉ አእምሮውና ማንም ሳያስገድደው ነው። ተበዳይዋ ሳሪየም ናት፤ በዳዩ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጂኦሜትሪ መምህር፣ የሰፈሩ የፎቶ ወዳጆች ማኅበር ሊቀመንበርና የሁለት ሌንሶች ባለቤት የሆነው ይኸው ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩን ደጋግሞ መርምሮታል። ከሳሹም ዳኛውም እሱ ራሱ በመሆኑ መዝገቡ በጥንቃቄ ተደራጅቷል፤ ለተከሳሹ ጠበቃ የሚቆም ግን እስካሁን አልተገኘም።

ነገሩ የሚነሳው ከእናቱ ግድግዳ ነው። በየዓመቱ የረመዳን ጾም በተፈታ በሦስተኛው ቀን ቤተሰቡ አዲስ ልብሱን ለብሶ ወደ ፎቶ ቤት ይሄዳል፤ ፎቶውም ተለቅ ተደርጎ ታጥቦ እንግዳ መቀበያው ክፍል ውስጥ ይሰቀላል። ሳሪየም ሆንግ ኮንግ ገብታ አንዲት አሮጊት ማስታመም ከጀመረች ሰባት ዓመት ሆኗታል፤ ውሏ በታደሰ ቁጥር ዕረፍቷን በገንዘብ እየለወጠች አንድም ጊዜ አልመጣችም። ሆኖም ከፎቶው ጎድላ አታውቅም። ጎረቤታቸው ኤንዳንግ በእሷ ቦታ ትቀመጣለች፤ ፎቶ አንሺውም የሳሪየምን ጭንቅላት ከሥራ ፈቃዷ ፎቶ ላይ በመቀስ ቆርጦ በኤንዳንግ ጭንቅላት ላይ ይለጥፍና ሁሉንም እንደገና ያነሳዋል። ስለዚህ በዚያ ግድግዳ ላይ ዘመድ ሁሉ ጋደል ብሎ ፈገግ ሲል፣ ሳሪየም ብቻ ፖሊስ እንዳዘዛት ሰው ቀጥ ብላ ታፈጣለች፤ ከአንገቷ በታችም ሦስት ልጆች ያሳደገው የኤንዳንግ ሰፊ ትከሻ ይጀምራል።

“ሄደህ የራሷን ትከሻ አምጣልኝ” አለችው እናቱ፣ የጉዞው ቀን በተቆረጠ ጊዜ። “የኤንዳንግን ለኤንዳንግ እንመልስላት። ሰባት ዓመት ያዝንባት።”

የእናቱ ዓይን በየወሩ እየደከመ ነበር። ፎቶውን ለማየት እስከ አንድ ክንድ ድረስ ወደ ግድግዳው ተጠግታ መቆም ነበረባት፤ ባለፈው ዓመት ሁለት ክንድ ይበቃት ነበር። ፕራዎቶ ይህን ያውቃል። ባለማወቅ የሚለው መከላከያ፣ እንግዲህ፣ ገና ከጅምሩ ውድቅ ነው።

የአውሮፕላን ቲኬቱን የላከችለት ራሷ ሳሪየም ናት። ካሜራውንና ረጅሙን ሌንስም በየተራ የላከችለት እሷ ናት። አጭሩን ሌንስ ብቻ ነው በራሱ ደመወዝ የገዛው፤ እፍኝ የማይሞላ፣ ሁለት እንቁላል የማይመዝን፣ ከአንድ እርምጃ ርቀት የሰውን ፊት እንዳለ የሚያነሳ ዕቃ። ረጅሙ በአንጻሩ የክንድ ርዝመት አለው፤ አሥር እርምጃ ርቆ የቆመን ሰው ከጀርባው ካለው ዓለም ለይቶ ያወጣል፣ ከሁለት ሜትር ተኩል ወዲህ የቀረበውን ግን አጥርቶ አያይም።

ምርጫው ሁለት ሳምንት ፈጀ። ፕራዎቶ በካሬ ወረቀት ላይ የሆንግ ኮንግን ትልቅ መናፈሻ ንድፍ ነደፈ፤ እሑድ እሑድ የአገሩ ልጆች ሁሉ የሚያሳልፉት እዚያ ነበርና። እህቱ የምትቆምበትን፣ እሱ የሚቆምበትን፣ ፀሐይዋ የምትመጣበትን ማዕዘን አሰላ። በዚያ ርቀት ረጅሙ ሌንስ ፊትን እንደሚያለሰልስ፣ የሕዝቡንም ግርግር ወደ ጭጋግ እንደሚለውጥ አረጋገጠ። ለፀሐዩ የሚስማማ ደካማ ብርሃን የማይወድ ፊልም ገዛ፤ ለፀሐይ ፍላሽ አያሻም ብሎ እሱን ተወው። ስሌቱ ስህተት አልነበረበትም። ከነገሩ ሁሉ ይበልጥ የሚያሳፍረው ይህ ነው፤ ጅል ሰው ቢሆን ኖሮ አጭሩን ኪሱ ከትቶ ይሄድ ነበር።

በርግጥ ለመክተት ሞክሯል። ችግሩ ማኅበሩ በሚያባዛት ወርኃዊ መጽሔት ላይ አሥራ ሁለት ገጽ የፈጀ ጽሑፍ ማውጣቱ ነበር፤ በዚያም ውስጥ “ሁለት ሌንስ ይዞ መንገድ የሚወጣ ሰው ምን ማየት እንደሚፈልግ ገና አልወሰነም” ብሏል። አባላቱ አረፍተ ነገሩን በትልቁ ጽፈው መሰብሰቢያቸው ላይ ለጥፈውታል። ፕራዎቶ ሲለጥፉት መሰላሉን ይዞላቸው ነበር።

የመነሻው ማለዳ ደረሰ። ሰፈሩ እንደ ደንቡ ሚኒባስ ተከራይቶ ሊሸኘው ወጣ፤ እንደ ደንቡም ሆንግ ኮንግ ልጅ ያለው ሰው ሁሉ የአደራ ዕቃውን ይዞ መጣ።

“ፓክ ፕራዎቶ፣ ጋሼ፣ ይቺን ለልጄ ይውሰዱልኝ፤ ትንሽ ናት” አለች ጎረቤቲቱ ቡ ሩክሚኒ፣ በሁለት እጇ የታቀፈችውን የድልህ ቆርቆሮ ሻንጣው ላይ እያስቀመጠች።

“ይቺ ናት ትንሽ?”

“ለእርስዎ ነዋ። ለልጄማ ለሁለት ሳምንት አትበቃትም።”

የሩዝ ነጋዴው ሚዛን በረንዳው ላይ ቀርቦ ነበር። የጎረቤት አደራ ሲመዘን ይታያል እንጂ አይቀነስም፤ የላከው ሰው ቆሞ ያያላ። የሚቀነሰው የራስ ቤተሰብ ዕቃ ነው፣ ቤተሰብ አይቀየምምና። ስለዚህ ረጅሙ ሌንስ እንዲገባ፣ እናቱ ለልጇ ሁለት ቀን ሙሉ የጠበሰችው ቴምፔ፣ ያ የአኩሪ አተር ጥብስ፣ ግማሹ ከሻንጣው ወጣ። ሽኝት የመጡት እዚያው ቆመው በሉት። ፕራዎቶም ቀመሰ። ጥሩ ነበር።

አጭሩ ሌንስ በዚያ ሰዓት በጃኬቱ የውስጥ ኪስ ነበር። ያገኘው ፀጉር አስተካካዩ ዋህዮኖ ነው፤ የማኅበሩ ጸሐፊና የፕራዎቶ የልጅነት ጓደኛ።

“ሊቀመንበር፣ ምነው አንድ ጡት ብቻ አበቀልክ?”

ሳቅ ሆነ። ፕራዎቶ “የመነጽር ማስቀመጫ ነው” አለ።

“መነጽርህማ አፍንጫህ ላይ ነው።”

“የሌላው መነጽር።”

“እሺ፣ ያለው ሌላ ሰው ነው እንዳንል” አለ ዋህዮኖ ወደ ሌሎቹ አባላት ዞሮ፤ “ሁለት መነጽር ይዞ መንገድ የሚወጣ ሰው ምን ማየት እንደሚፈልግ...” ቀሪውን አባላቱ በአንድ ድምፅ ሞሉለት።

ሊቀመንበሩ ያን ጊዜ ሊያደርጋቸው ይችል የነበሩት ነገሮች ብዙ ናቸው፤ መሳቅ ከሁሉም ቀላሉ ነበር። እሱ ግን ቀስ ብሎ ወደ ቤት ገባ፣ ሌንሱን ከቁም ሳጥኑ ውስጥ ከተጣጠፉት የአልጋ ልብሶች መካከል ሸጎጠው፣ ተመልሶም ወጣና ጃኬቱን በሁለት እጁ ከፍቶ አሳያቸው። አጨበጨቡለት። እናቱ በሩ ላይ ተቀምጣ ነበር።

“ምን ረስተህ ነው የተመለስከው?”

“ምንም።”

ሆንግ ኮንግ በገባ ማግስት፣ እሑድ ጠዋት፣ ያረፈበት የመስጊድ ማረፊያ ስልክ ጮኸ። ሳሪየም ነበረች። አሮጊቷ ትኩሳት ይዟት ስለነበር ፈቃዷ ተሰርዟል፤ ወደ ቤት መጥቶ እንዲያያት ግን ለአንድ ሰዓት ተፈቅዶለታል፤ ሰኞ ደግሞ እሱ የሚመለስበት ቀን ነው። ፕራዎቶ በካሬ ወረቀት ላይ የተሠራውን መናፈሻ አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተ። ለአንድ ወረቀት የሚሆን ቦታ ነበረው።

ቤቱ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው።

“ውይ ዎቶ፣ ሸበትክ እኮ” አለችው በሩን ከፍታ።

“አንቺ ግን ምንም አልተለወጥሽም፣ ምባክ፣ ታላቅ እህቴ።”

“በምን አወቅህ? ሰባት ዓመት ስታይ የኖርከው ኤንዳንግን አይደል?”

በድምፅ ሳትስቅ፣ በትከሻዋ ሳቀች። የራሷ ትከሻ ጠባብና ትንሽ ወደ ፊት ያዘነበለ ነበር፤ ረስቶት ኖሯል። ሳሎኑ ውስጥ አሮጊቷ ተኝታለች፤ እዚያ መግባት አይቻልም። የሳሪየም ክፍል ደግሞ ወጥ ቤቱ ነው፤ በልብስ ማጠቢያውና በግድግዳው መካከል ታጣፊ አልጋ ቆሟል። የተልባ እግር ቀለም ያለውን ሸሚዟን ለብሳ፣ ፀጉሯን አስተካክላ፣ አልጋው አጠገብ ቆመች። ለቀጠሮው ሳምንቱን ሙሉ ስትዘጋጅ ነበር።

ፕራዎቶ ካሜራውን አወጣ።

“ይሄ ምንድን ነው? መድፍ?”

“አንቺ የላክሽው ሌንስ ነው።”

“እኔ? ሻጩ ስለ መድፍ ምንም አልነገረኝም።”

ወጥ ቤቱ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አንድ ሜትር ከሰማንያ ነው። የጂኦሜትሪ መምህሩ ይህን በዓይኑ ለካ፤ ልኬቱንም በማያምን ሰው ሥርዓት ወደ ኋላ እየሸሸ ፈተነው። ጀርባው ማብሰያውን ነካ። ከዚያ ማጠቢያ ገንዳው ላይ ወጥቶ በጉልበቱ ቆመ።

“ከዚህ ወዲያ የት ልሽሽልህ?” አለች ሳሪየም፣ ግድግዳው ላይ እንደ ካላንደር ተለጥፋ። “ከጀርባዬ ያለው የጎረቤት ነው። ምን ይታይሃል?”

“ጆሮሽ።”

“እሱስ ጥርት ብሎ?”

“አይ። ደብዝዞ።”

ወደ ኮሪደሩ ወጡ። ኮሪደሩ ረጅም ቢሆንም አንዲት ደካማ አምፖል ብቻ ነበረችው፤ ለፀሐይ የተገዛው ፊልም በዚያ ብርሃን ሳሪየምን ከግድግዳው እርጥበት ለይቶ እንደማያውቃት ፕራዎቶ የካሜራውን ቁልፍ ሳይጫን ገባው። ያም ሆኖ ስድስት ጊዜ ተጫነው። ስድስቱም ጥቁር ወጥተዋል።

“ያ ትንሹስ?” አለች። “ገዛሁ ብለህ የጻፍክልኝ፣ በቅርብ የሚያነሳው?”

“ቤት ቀረ።”

“ከበደህ?”

የዋህዮኖን ነገር ሊነግራት ይችል ነበር። መጽሔቱንም፣ ጭብጨባውንም። “አዎ፣ ከበደኝ” አላት።

ከጎን ያለው በር ተከፈተና እንደ ሳሪየም በሰው ቤት የምትሠራ ቲቲክ የምትባል ወጣት አንገቷን ብቅ አደረገች። የሆነውን ሁሉ ሰምታ ነበር። በእጇ ባለ ሮዝ ማንጠልጠያ የፕላስቲክ ካሜራ ይዛለች፤ ፍላሹ አብሮት የተሠራ፣ ሱቅ ውስጥ ከማስቲካ ጎን የሚሸጥ ዓይነት።

“በዚህ ላንሳችሁ? የስምንት ፎቶ ፊልም ቀርቶልኛል። ሁለታችሁንም አንድ ላይ።”

ሳሪየም ፀጉሯን እንደገና አስተካከለች።

ፕራዎቶ አመሰገነ። ከዚያም የፕላስቲክ ሌንስ የፊትን ጠርዝ እንደሚያጎብጥ፣ ፍላሹም ቆዳን እንደሚያነጣ፣ እንዲህ ያለ ፎቶ ተለቅ ተደርጎ ሲታጠብ እንደሚፈረካከስ፣ ለግድግዳም እንደማይመጥን በጨዋ አነጋገር አስረዳ። ማብራሪያው አራት ደቂቃ ያህል ፈጀ። ፎቶው ሁለት ሰከንድ ይበቃው ነበር።

“አስተማሪ ናቸው እንዴ?” ብላ ቲቲክ ሳሪየምን ጠየቀቻት።

“ምን ያደርጋል፣ ያስተማርኩት እኔ ነኝ” አለች ሳሪየም።

የአሮጊቷ መድኃኒት ሰዓት ደርሶ ነበር። ያን ጊዜ ፕራዎቶ መፍትሔ አገኘ፤ ሁልጊዜም መፍትሔ ያገኛል። ሳሪየም በወጥ ቤቱ መስኮት ትቁም፣ እሱ ወርዶ ከመንገዱ ማዶ ካለው ሕንፃ ደረጃ ላይ ያነሳታል። ርቀቱ፣ ብርሃኑ፣ ሌንሱ፣ ፊልሙ፣ ሁሉም ተገጣጠሙ። ሳሪየም አሮጊቷን መድኃኒት አጠጥታ መስኮቱ ጋ መጣች፤ በብረት ፍርግርጉ መካከል እጇን አውጥታ አውለበለበች። አሥራ ስምንት ጊዜ አነሳት። ወደ ላይ ተመልሶ ሊሰናበታት ሲል የሕንፃው ዘበኛ ሰዓቱ አልቋል ብሎ አላሳለፈውም፤ ስለዚህ ከታች ሆኖ እጁን አነሳላት። ባዶ ዓይን ያን ያህል አርቆ ስለማያይ ማየቷን አላወቀም። ካሜራውን አንስቶ በሌንሱ ተመለከተ፤ እያለቀሰች ነበር። ይህን አላነሳም፤ ፊልሙ አልቆ ነበር እንጂ ከጨዋነት የመጣ አይደለም።

ፎቶው ሲታጠብ እንከን አልተገኘበትም። የፍርግርጉ ዝገት ሳይቀር ይቆጠራል። እናቱ ወደ መስኮት ወስዳ እስከ አፍንጫዋ አስጠግታ ያዘችው።

“ማን ነው ያሰራት?”

“አልታሰረችም፣ እማ። ፎቅ ቤት መስኮቱ ሁሉ እንዲህ ነው። ሰው እንዳይወድቅ...”

“ትከሻዋ የታለ?”

ትከሻዋ ከአግድሙ ብረት በስተጀርባ ነበር። ፕራዎቶ የሕንፃ አሠራር ደንብ ማስረዳት ጀመረ፤ እናቱ ፎቶውን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ሩዙን ልታይ ተነሳች። ስለ ቴምፔው ጠይቃው ነበር። ሳሪየም በጣም እንደወደደችው፣ በቂም እንደነበር ነገራት።

የፎቶ ወዳጆች ማኅበር በዚያው ዓመት ባዘጋጀው ውድድር ሥራው አንደኛ ወጣ። ዋህዮኖ ንግግር አደረገ፤ በአንድ ሌንስ የተጓዘ ሰው ምን እንደሚያይ ዛሬ ተረጋገጠ አለ። ሊቀመንበሩ የምስክር ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀበለ፣ ጎንበስ አለ፣ አመሰገነም። ቲቲክ ባለ ሮዝ ማንጠልጠያ ካሜራዋን ይዛ ወደ ሌላ አሠሪ መሄዷን ሳሪየም በደብዳቤ ጽፋለች፤ በዚያው ደብዳቤ የእሷ ውል ለሁለት ዓመት መታደሱን አሳውቃለች።

አጭሩ ሌንስ ከአልጋ ልብሶቹ መካከል ወጥቶ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። በዘንድሮው በዓል ቤተሰቡ እንደ ወትሮው ወደ ፎቶ ቤት ሄደ፤ ኤንዳንግ መጥታ ተቀመጠች፤ ፎቶ አንሺው ያንኑ የሥራ ፈቃድ ፎቶ በመቀስ ቆረጠ። ፎቶው ግድግዳው ላይ ነው። እናቱ አሁን እዚያ ድረስ ሄዳ አትቆምም፤ ብትቆምም አይታያትም።