ለዳህላክ ጉዞ ማደሪያ ስንመርጥ

ባሌ «ምጽዋ ወርጄ፣ ዳህላክ ደሴቶቹ ጋ አንድ ጊዜ ጠልቄ ልመለስ» ያለኝ ቀን፣ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ጥያቄ «የት ነው የምታድረው?» የሚል ነበር። ሌላ ሴት ብትሆን ስለ ሻርኩ ወይም ስለ ማዕበሉ ትጠይቅ ነበር። እኔን ግን ከባሕሩ ይልቅ የሚያስፈራኝ ወደቡ ነው። የባሕር ኃይል ሰው በየወደቡ ጎጆ አለው ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት።

ጊዜው የሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው፤ የምጽዋ መንገድ ገና ክፍት ነበር። የምንኖረው ነፋስ ስልክ፣ ከፋብሪካዎቹ ጀርባ፣ ሁለት ክፍል ባላት የቀበሌ ቤት ውስጥ ነበር። እኔ ሳሙና ፋብሪካ ውስጥ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። ሥራዬ መጠርጠር ነው። ሾፌሩ «ሙሉ ነው፣ አምጥቻለሁ» ቢለኝ፣ መኪናው ላይ ወጥቼ ጆንያውን በእጄ ካልነካሁ አልፈርምም። የፋብሪካው ሰው እኔን ባየ ቁጥር «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። አይከፋኝም። ይህንን ጠባይ ግን እንደ ሥራ ሽርጥ በር ላይ አውልቄ ቤቴ መግባት አልችልበትም።

ባሌ በባሕር ኃይል ውስጥ ጠላቂ ነበር። የመርከብ ሆድ ሥር እየገባ የሚጠግን፣ የሰመጠ ዕቃ የሚያወጣ። እኔ ያገባሁት ባሕር ኃይሉ ፈርሶ፣ አንድ የሸራ ቦርሳ ይዞ አዲስ አበባ ከተመለሰ በኋላ ነው፤ ጎፋ ውስጥ የውሃ ፓምፕ ይጠግን ነበር። ስለዚህ ምጽዋ ያሳለፈውን ዕድሜ አላውቀውም። እሱም አያወራልኝም። ሰው ስለ ወጣትነቱ ዝም ሲል ዝምታው ውስጥ ሴት አለች ብዬ ነው የማምነው።

«እኔም አብሬህ እሄዳለሁ» አልኩት። ደስ ያለው ለመምሰል ሞከረ፤ አልሆነለትም።

ያለችን ገንዘብ ትንሽ ስለሆነች ከርካሹ መካከል ደህናውን መምረጥ ነበረብን። ምርጫውን ይዞልን የመጣው የባሌ የጥንት ጓደኛ ነው። አብረው ባሕር ኃይል ነበሩ፤ አሁን ላፍቶ መስመር ላይ ሚኒባስ ይነዳል፤ አልፎ አልፎም ዕቃ ጭኖ ምጽዋ ድረስ ይወርዳል። አንድ እሑድ ከሰዓት መጥቶ ሁለት ማደሪያ ቆጠረልን። አንደኛው አሮጌው ከተማ ውስጥ የሚገኝ የአንዲት ሴትዮ ቤት ነው። ሙቀት ስለሆነ አልጋው ሰገነት ላይ ይዘረጋል፤ ነፋሱ ከባሕር ይመጣል፤ አንሶላው ንጹሕ ነው፤ ቁርስም ከዋጋው ጋር ነው። ሁለተኛው ወደቡ አፍ ላይ፣ ከአንድ መጠጥ ቤት በላይ ያሉ ክፍሎች ናቸው። ሙዚቃው እስኪነጋ አይቆምም፣ መታጠቢያውም የጋራ ነው።

«ሁለተኛው ይሻላል» አለ ባሌ ወዲያው።

«ምን ሆኖ ነው የሚሻለው?»

«የሴትዮዋ ቤት ውሃ ጨው ጨው ይላል።»

«ባሕር ውስጥ ልትነከር ነው የምትሄደው፤ ጨው ፈራህ?»

ጓደኛው ሳቀና ሳቁን መሃል ላይ አቆመው። ሁለቱ ተያዩ። ወጥ ላማስል ወደ ጓዳ ስገባ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ስመለስ ስለ ናፍጣ ዋጋ ማውራት ጀመሩ። ስለ ናፍጣ ዋጋ የሚያንሾካሹክ ሰው አይቼ አላውቅም። የዚያች ሴትዮ ቤት ከዚያን ቀን ጀምሮ ጉሮሮዬ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰካ።

ቀጥሎ ደግሞ ወደ ባሕር የሚያወርደውን ሰው መምረጥ ነበረብን። ጀልባም፣ የአየር ሲሊንደርም፣ መሪም የሚያከራየው እሱ ነው። ጓደኛው ሁለት ሰው ነበር የሚያውቀው፤ አንድ ሽማግሌና አንድ ጎረምሳ። «እኔ ነኝ የማናግራቸው» አልኩ። ባሌ አልተከራከረኝም።

ስልክ ቤት ሄጄ ወረፋ ጠብቄ መጀመሪያ የደወልኩት ለሽማግሌው ነው። ደህና ዋሉ ብዬ ሳልጨርስ «ዕድሜው ስንት ነው? ያጨሳል? ጆሮውን፣ ሳንባውን፣ ልቡን ታሞ ያውቃል?» አሉኝ። ሰላምታ የለ፣ እግዚአብሔር ይመስገን የለ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጤነኛ ነው» አልኩ።

«የሐኪም ወረቀት ይዞ ይምጣ። ያለ ወረቀት አላወርድም።»

ገና ፊቱን ያላዩትን ሰው በሽታ የሚቆጥሩ ሰው ምን ይባላሉ? ሟርተኛ ነው ያልኳቸው በሆዴ። ወረቀቱንም ጠረጠርኩት፤ ሐኪሙ ዘመዳቸው ቢሆንስ? «ዋስ የሚሆንዎት ሰው አለ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የምን ዋስ?»

«እዚህ አዲስ አበባ የሚያውቅዎት፣ አንድ ነገር ቢፈጠር የምንይዘው ሰው።»

ሳቁብኝ። «ባሕር ዋስ አይቀበልም፣ እህቴ» ብለው ዘጉት።

ጎረምሳው ግን ሌላ ሰው ነበር። እንዴት ዋላችሁ፣ ልጆቹ፣ እናትሽ፣ ሥራው፣ ክረምቱ እንዴት ከረመ ብሎ የከፈልኩበት ደቂቃ እስኪያልቅ ሰላም አለኝ። አባቱ ቄስ ናቸው፤ እናቱ ጎንደር ተወልደው ያደጉ ናቸው። ጾሙን እንደሚጾም፣ ጀልባውን ጸበል እንዳስረጨ ነገረኝ። ባለቤትሽን እንደ ታላቅ ወንድሜ ነው የማየው አለኝ። ዋስስ ስለው፣ የእኛኑ ባለ ሚኒባስ ጠራ። ባለ ሚኒባሱም ስጠይቀው ደረቱን መታ አድርጎ «ለሱማ እኔ ዋስ ነኝ» አለ።

በእኛ ቤት የቤት ሠራተኛ ስትቀጠር ዋስ ትጠራለች። ተከራይ ሲገባ ዋስ ያመጣል። ልጅ ሲዳርም የማን ልጅ ነው ተብሎ እስከ ሰባት ቤት ይጠየቃል። እኔም ባሌን ወደ ባሕር የሚያወርደውን ሰው በዚሁ መንገድ መረመርኩት። ዘሩን፣ ጾሙን፣ ዋሱን ጠየቅሁ። ሲሊንደሩን ማን እንደሚሞላው፣ ጀልባው ላይ ስንት ሰው እንደሚቀር፣ አንድ ሰው ታች ቢታመም ምን እንደሚደረግ አልጠየቅሁም። ጥያቄዎቹ መኖራቸውንም አላውቅም ነበር።

«ጎረምሳው ይሁን» ብዬ ለባሌ ነገርኩት። ግንባሬን ሳመኝ። «አቤት፣ ስትመርጪ!» አለኝ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ያልጣመኝ። ከተጋባን ጀምሮ መጋረጃ ብመርጥ አይወድም፤ ሥጋ ብመርጥ አጥንት በዛበት ይለኛል። እንዲህ ተደስቶ ሲያመሰግነኝ አንድ ያመለጠኝ ነገር አለ ማለት ነው። ሲሊንደሩንም ጎረምሳውንም ትቼ ሐሳቤ ተመልሶ እዚያችው ሴትዮ ቤት ገባ።

በማግስቱ ከሥራ አስፈቅጄ ስልክ ቤት ተመለስኩ። የቤቱን ስልክ ቁጥር ከባሌ ጓደኛ ላይ «ለማንኛውም» ብዬ ቀደም ብዬ ተቀብዬዋለሁ። ሚስቱ ነኝ አላልኩም፤ ማደሪያ የምትፈልግ እንግዳ ሆኜ ዋጋ ጠየቅሁ። የመለሰችልኝ ድምፅ የልጃገረድ አልነበረም። ትንሽ ቀለል አለኝ። ወዲያው ሴት ልጅ ሊኖራት ይችላል ብዬ አሰብኩና መልሶ ከበደኝ።

«አንድ ጠላቂ ነው የጠቆመኝ» አልኩ እንደ ዘበት። «ረጅም፣ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለበት፤ የባሕር ኃይል ሰው።»

«ውይ፣ ልጄ!» አሉ ሴትዮዋ። ድምፃቸው ተሰበረ። «በሕይወት አለ? ጆሮው እንዴት ሆነለት?»

«የቱ ጆሮው?»

«ግራው ነዋ። ደም እየፈሰሰው ነው ከውሃው ያወጡት። እዚህ እኔ ቤት ነው ተኝቶ የከረመው። ሐኪሙ አልጋው አጠገብ ቆሞ ነግሮታል። ሁለተኛ እንዳትጠልቅ፣ ውሃው በተቀደደው የጆሮህ ታምቡር ከገባ ይዞርብሃል፣ ላይና ታቹ ይጠፋብሃል፣ ወደ ላይ የወጣህ እየመሰለህ ወደ ታች ትሄዳለህ አለው። እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰው።» ትንፋሽ ወሰዱና «አሁን ውሃ አይገባም አይደል?» አሉኝ።

«አይገባም፣ እማማ» አልኳቸው።

ከስልክ ቤቱ ስወጣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው፤ አልዋሽም። ሴት የለችም! በመንገዱ ላይ ለብቻዬ ፈገግ ስል አንድ ሊስትሮ ቀና ብሎ አየኝ። ታክሲ ውስጥ ገብቼ ስቀመጥ ግን ዓይኔ የግራው መስኮት ላይ አረፈ። ሁልጊዜ ታክሲ ስንሳፈር በግራ በኩል ያለውን መስኮት ይይዛል፤ መንገድ ዳር ያሉ ልጃገረዶችን ለማየት ይመስለኝ ነበር። ለካ እኔን በቀኙ፣ በደህናው ጆሮው በኩል ለማድረግ ነው። ሳወራው ዝም ሲለኝ መናቅ ይመስለኝ ነበር። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይሉት እውነት ነው፤ ሌላ ሴት ስፈልግ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው ጆሮ ሳላይ ኖሬያለሁ።

ሌላውም ነገር ያኔ ተገለጠልኝ። ያንን ንጹሕ ቤት የሸሸው ሴትዮዋ ስለ ጆሮው እንዳይጠይቁት ነው። ሽማግሌውን በወረቀታቸው ምክንያት ይፈራቸዋል። ምንም የማይጠይቀውን ጎረምሳ ደግሞ ዋስ አስጠርቼ የመረጥኩለት እኔው ነኝ።

ቤት ስደርስ ግቢ ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከሸራ ቦርሳው ያወጣውን የመጥለቂያ መነጽር በሳፋ አጥቦ፣ የደረቀውን ጎማ የሕፃን ፓውደር እየቀባ ያሻል። በቀኙ በኩል ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

«ውሃቸው ጨው ጨው ከሚለው ሴትዮ ጋር ተነጋገርን» አልኩት።

እጁ ቆመ። ከዚያ ያልጠበቅሁት ሳቅ አመለጠው። «ሴት መስሎሽ ነበር፣ አይደል?»

«ሴት ብትሆን ይሻለኝ ነበር። ሴት ብትሆን ምጽዋ ድረስ ወርጄ ጸጉሯን እይዝላት ነበር!» በጣቴ ወደ መነጽሩ ጠቆምኩ። «ልትሞት ነው እንዴ የምትሄደው? ለምንድን ነው የምትደብቀኝ?»

መነጽሩን ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

«እዚህ ሰው ሲያወራ ግማሹን ነው የምሰማው» አለ። «ግማሹን በግምት ነው የምሞላው። ሲስቁ እስቃለሁ። ለቅሶ ቤት የማን ስም እንደተጠራ ሳልሰማ ነፍስ ይማር እላለሁ። አንቺ ስትቆጪኝ እንኳ በምን እንደተቆጣሽ ሳላውቅ ይቅርታ ብዬሽ አውቃለሁ። እዚያ ታች ግን ማንም አይሰማም። በእጅ ነው የምንነጋገረው። እዚያ ከሰው እኩል ነኝ።»

ውሸት ቢነግረኝ ማጋለጥ አውቅበታለሁ፤ እውነት ሲነግረኝ ግን ምን እንደሚደረግ አላውቅም። እንባዬን እንዳያይብኝ ተነሥቼ በግራው በኩል ወዳለው የልብስ ገመድ ሄድኩ። የደረቀውን አንሶላ እያወረድኩ፣ ለአንድ አፍታ ይሂድ ብዬ አሰብኩ። ይህን ያህል ለሚወደው ነገር ምን አገባኝ? ከዚያ ታች ሆኖ፣ ወደ ላይ የወጣ እየመሰለው፣ እየተደሰተ ወደ ጨለማው ሲሄድ ታየኝ። በእጁ የሚያናግረውም ሰው ከኋላው ቀርቷል።

«አትሄድም» አልኩት።

መልስ አልሰጠኝም። ፓውደሩን አንሥቶ ጎማውን ማሸት ቀጠለ፤ እንዲያውም ከንፈሩ ላይ ፈገግታ ነበረ። እንደ ልማዴ ናቀኝ ብዬ ልቆጣ አፌን ከፈትኩ። ያኔ የቆምኩበትን አየሁ፤ በማይሰማው ጆሮው በኩል ነበርኩ። አንሶላውን ደረቴ ላይ እንደታቀፍኩ ዞሬ መጣሁ፤ በቀኙ በኩል ቁጢጥ አልኩና፣ ያ ፈገግታ ከፊቱ ሳይጠፋ፣ «አትሄድም» ብዬ እንደገና ነገርኩት።