ለወንድሜ የተነሳው አደይ አበባ

ልጅ እያለሁ፣ በደርግ ጊዜ፣ ላፍቶ ላይ መስከረም የሚገባው በቀበሌያችን መናፈሻ አጥር በኩል ነበር። መናፈሻ ስላችሁ እንዳታጋንኑት፤ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ ጥቂት ጽድና አንድ ትልቅ መፈክር ነው። አጥሩ ስር ግን ማንም ሳይተክለው አደይ አበባ ይፈነዳል፤ እርጥብ አፈርና የተረገጠ ሣር ይሸታል። ታላቅ ወንድሜ ግርማ ያንን አበባ ከጆሮው ኋላ ሰክቶ ትምህርት ቤት እየሄደ ይሳቅበት ነበር።

ለብሔራዊ ውትድርና ወስደውት ሰሜን ሳለ፣ በመስከረም ደብዳቤው ደረሰን። «እዚህ ዓመቱ መለወጡም አይታወቅም። አበባዬን ፎቶ አስነስታችሁ ላኩልኝ» ይላል። እናቴ ደብዳቤውን ደረቷ ውስጥ ከታ፣ ፎቶ አንሺውን ጋሽ በቀለን ይዛ፣ እኔን አስከትላ ወደ መናፈሻው ሄደች።

ጋሽ በቀለ ገና አንድ ዓይኑን ሲጨፍን የቀበሌው ጥበቃ ጓድ ተሰማ ጠመንጃውን እንዳንጠለጠለ ደረሰ።

«ምንድነው የሚነሳው?»

«አበባ ነው፣ ጓድ።»

«ሰው የሌለበት ፎቶ? ከአበባው ጀርባ ምን አለ?»

«አጥር።»

«ከአጥሩ ጀርባስ?»

ጋሽ በቀለ ቀና ብሎ አየ። «ፋብሪካ።»

«እህ!»

እናቴ «ለልጄ ነው፤ ግንባር ነው ያለው። እባክህ ወንድሜ» አለችው። ጓድ ተሰማ ትንሽ አሰበ። ፋብሪካ አይነሳ የሚለው መመሪያም ሳይጣስ፣ ሰውም ሳይከፋ የሚያልፍበትን መላ አገኘ፤ ሄዶ ከአበባው ጀርባ ቆመና ፋብሪካውን በገዛ ትከሻው ጋረደው። ኮፍያውንም አስተካከለ። «አሁን አንሳ።»

ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ቢጫው አመድ መስሏል። ጓድ ተሰማ ግን ጥርት ብሎ ወጥቷል። እናቴ እንዲሁ ላከችው።

ከዚያ ወዲህ ባገኘን ቁጥር «እትዬ አስካለ፣ ፎቶዬ ደረሰው? ምን አለ?» ይላል።

«ገና ነው» ትለዋለች።

ጥቅምትን በሙሉ ሲጠይቅ ከረመ። ኅዳር ውስጥ አንድ ቀን ግን ከሩቅ ሲያየን ኮፍያውን አውልቆ ወደ ማዶ ተሻገረ። መርዶ መጀመሪያ የሚደርሰው ለቀበሌ ነበር። እናቴ ባለችበት ቆመች። አላለቀሰችም። «ነይ እንሂድ» አለችኝ። ምን ተሰማሽ ብትሉኝ፣ ጫማዬ እንደጠበበኝ ነው የማስታውሰው።

ዛሬ ጋርመንት አካባቢ ሱቅ አለኝ። መስከረም ሲጠባ አደይ አበባ በስልኬ አነሳና «እንኳን አደረሳችሁ» ብዬ ለደንበኞቼ ሁሉ እልካለሁ፤ ለገበያም ይረዳል። በቀለም ነው የሚወጣው። ስልኩን ገና ሳላስቀምጠው መልሳቸው ይደርሰኛል።