የአባባ ቃጭል

ተክሌ ደክሞታል። ቀበና ወንዝ ዳር ያለው የአባቱ ቤት ለልማት ሊነሳ ነውና፣ የስንት ዘመን ዕቃ ሲያሽግ ወገቡ አልታዘዝ ብሎታል። ዕድሜውን ሙሉ ሾላ ገበያ ጥግ ባለች ሱቅ ቴፕና ሬዲዮ ሲጠግን ኖሮ፣ ቴፕ የሚያሠራ ሰው ሲጠፋ ወደ ስልክ ቻርጀር ዞሯል። ሲሸጥም ፊቱ አይፈታም። ደንበኛ «ኦርጅናል ነው?» ብሎ ከጠየቀው «እኔስ ብሆን ኦርጅናል ነኝ?» ይላል።

ከአልጋ ሥር የወጣውን ሳጥን ግን እንደ ሌላው ዕቃ አልወረወረውም። ውስጡ የአባቱ ፎኖግራፍ ነበር። አባቱ በአንድ የሚሲዮን ክሊኒክ አናጢ ሳለ፣ ወደ አገሩ የሚመለስ ፈረንጅ የሰጠው ነው። ይህ መሣሪያ የሚያጫውተው ሸክላ ሳይሆን ሰም ነው፤ ውስጡ ክፍት የሆነ፣ ብርጭቆ የሚያህል የሰም ጥቅል። ማጫወት ብቻም ሳይሆን ይቀርጻል። አባቱ ያረጀውን ሰም እየፋቀ እንደገና ይቀርጽበት ነበር። ከጥቅሎቹ የተረፈው አንድ ብቻ ነው፤ በላዩ ላይ የእናቱ የጂቱ ስም ተጽፏል። ሻጋታ በልቶታል፤ ተክሌን ያናደደው ግን ሻጋታው አልነበረም። መስመሮቹ በመርፌ ብዛት ተልጠው አልቀዋል።

«ምን ዓይነት ሰው ነው በዕቃ እንዲህ የሚጫወተው?» ብሎ አጉረመረመ።

እናቱ ስትሞት ተክሌ አፉን እንኳ አልፈታም ነበር። መልኳን ከፎቶግራፍ ያውቀዋል፤ ድምፅዋን አያውቀውም። ልጅ ሳለ አንዲት የሰፈር ሴትዮ «እናትህ እኮ አላቀፈችህም» ብላዋለች። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ ነገር ግን ስድሳን ያለፈ ሰውም ቢሆን እንዲህ ያለው ነገር ከሆዱ አይወጣለትም።

መሣሪያውን ዘይት አጠጥቶ አስነሣው። ልጁ ጵርስቅላ ስልኳን ድምፁ በሚወጣበት መለከት አፍ ላይ ደገነች። «አባዬ፣ ሰሙ ቢበላሽም ሪከርዱ ይቀርልናል» አለችው። ፍጥነቱን እንደ ደንቡ በደቂቃ መቶ ስድሳ ዙር ላይ አደረገና መርፌዋን አሳረፈ። መጀመሪያ የሆነ ነገር ቅጭል አለ። ቀጥሎ ከጭረቱ መሃል የልጃገረድ ድምፅ ወጣ፤ ቀጠን፣ ፈጠን ብላ ሕፃን ታስተኛለች። መጨረሻ ላይ ሳቀች፤ ቶሎ ቶሎ የማይገባ ነገር አወራችና ዝም አለች። መርፌዋ ስትነሳ ሰሙ እንደ ብስኩት ተፈረፈረ።

ተክሌ ግን ደስ አለው። እንዲህ የምትስቅ እናት ነበረችው ማለት ነው።

በማግሥቱ ካራ ሰፈር ወደምትኖረው ታላቅ እህቱ አሳየች ዘንድ ሄዱ። የግቢዋን በር ሲገፉት በላዩ የተሰቀለችው የናስ ቃጭል እንደ ወትሮዋ ተንቃጨለች። አሳየች ከስልኩ እስከ መጨረሻው ሰማች፤ ፊቷ ግን አልፈካም።

«ይቺ እሷ አይደለችም» አለች።

«እትዬ፣ ስሟ ተጽፎበታል እኮ።»

«ይጻፋ፤ አባባ እየፋቀ ሌላ ሰው ይቀርጽበት የለ። እማዬ እንዲህ አትቸኩልም።»

ጵርስቅላ በስልኳ አዘገየችው። ድምፁ ወፈር አለ። አሁንም ስታዘገየው ጭራሽ ወንድ ሆነ። «ስፒዱን እንደፈለግን ማድረግ እንችላለን፤ የቱ ይሁን?» ብላ ጠየቀች።

አሳየች ዓይኗን ጨፍና ቆየች። «እኔ እንጃ። ድምፅዋን ረስቼዋለሁ» አለች፤ አፈረች።

ተክሌ ድካሙ ሁሉ ተመለሰበት። በስልክ የፈለጉትን እናት መሥራት ምን ይጠቅማል? ያቺን ሳቂታ ልጃገረድ ይዞ ቢሄድ የሚከለክለው የለም፤ ቀልቡ ግን እንቢ አለው።

«አባባ እንዴት አድርጎ ነበር የሚቀርጸው?» አላት።

አሳየች ቀስ እያለች አስታወሰች። በቀበና ብርድ ሰሙ ስለሚደርቅ አስቀድሞ ፀሐይ ላይ ያሞቀዋል። የሚዘፍነውን ሰው መለከቱ አፍ ላይ ያስጠጋዋል፤ መጮህ ግን አይፈቅድለትም። መርፌው የሚያወጣውን ፍቅፋቂ በብሩሽ ይጠርጋል። ዘፈኑ ረዘም ያለ እንደሆነ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያለ መሣሪያውን ያዘገየዋል፤ ሲዘገይ ሰሙ ብዙ ይይዛል።

«ሁሌ ከመጀመሩ በፊት ደግሞ ቃጭሏን ይመታል» አለች። «የቃጭል ድምፅ አይለወጥም፣ ፍጥነቱ ቢጠፋን በእሷ እናገኘዋለን ይል ነበር። እኔ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር።»

«የቷን ቃጭል?»

አሳየች በአገጯ ወደ በሩ አመለከተች።

ተክሌ ስንት ዓመት እያንቃጨላት የገባባትን ቃጭል ፈቶ አመጣ። እሱ ቃጭሏን ይመታል፤ ጵርስቅላ በስልኩ ውስጥ ያለችውን ቅጭልታ እያዘገየች ታሰማዋለች። ሁለቱ ድምፆች ገጥመው አንድ ሲሆኑ «እዚህ ጋ ተይው» አላት።

ከመጀመሪያው አስጀመረችው። ልጃገረዷ የለችም። ዝግ ያለ፣ የደከመ የሴት ድምፅ ነው፤ በየስንኙ መሃል ትንፋሽ ያጥረዋል። አሳየች አፏን በነጠላዋ ያዘች። መጨረሻ ላይ ያ ሳቅ መጣ፤ ሳቅ አልነበረም፣ ሳል ነበር። ሳሉ ሲበርድላት ጂቱ ተናገረች፦

«አሳየች፣ ልጁን ወደ እኔ እንዳታመጪው። ሲያለቅስ ይሄን አሰሙልኝ።»



«ሳምባዋን ነበር ያመማት» አለች አሳየች። «ሐኪሙ ልጁ አይጠጋት አለ። አንተን አለማቀፍ ከበሽታው ይብስባት ነበር።»

ተክሌ ቃጭሏን ጉልበቱ ላይ እንደያዘ ቀረ። የሰሙ ነገር ትዝ አለው። «እኔ ደግሞ ማን ነው እንዲህ የጨረሰው ብዬ ስናደድ ነበር» አለ።

«አንተ ነሃ» አለችው። «እሱን ሳትሰማ መች ትተኛ ነበር።»