«ቢዘገይም አይጎዳም» ያልኩበት ሐሙስ

ሥራ የጀመርኩት ጂንካ ነው፤ መንግሥት በተለወጠ ማግስት። በመጀመሪያው ቀን የክትባት ክፍሉ ኃላፊ ሲስተር አስቴር በላምባ የሚሠራውን ፍሪጅ ከፍተው አሳዩኝና፣ እሳቱ ከጠፋ አንተም ጠፋህ አሉኝ። ክሩን መከርከም፣ ጥላሸቱን መጥረግ፣ ቴርሞሜትሩን ጠዋትና ማታ ማንበብ። የሰው ክንድ ከመንካቴ በፊት የተማርኩት ይህንን ነው።

ከሰዓት በኋላ ስለ ቀጠሮ አስተማሩኝ። በሁለት መርፌ መካከል ያለው ጊዜ ካጠረ ሁለተኛው እንዳልተሰጠ ይቆጠራል። ከረዘመ ግን ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ እንደ አዲስ አይጀመርም። በኋላ ላምባው በሶላር ተተካ፤ እኔም ወደ ቀይ አፈር ከተማ ተዛውሬ ከወጊነት ወደ ክትባት አስተባባሪነት አደግሁ። ያቺን ሕግ አንድም ቀን አልጣስኳትም። የማፍርበትን ነገር ያደረግሁትም ሕጓን ሳልጥስ ነው።

የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያው ክትባት ወደ እኛ ሲደርስ ፀጉሬ ሸብቷል። ዐሥራ አራት ዓመት ለሞላቸው ልጃገረዶች ሁለት ጊዜ፣ በስድስት ወር ልዩነት እንድንሰጥ ታዘዝን። ከመድኃኒቱ በፊት ወሬው ገብቶ ነበር፤ መኻን ያደርጋል ተባለ። ስለዚህ ወላጆችን ትምህርት ቤት እየሰበሰብን እናስረዳለን። እኔ ደግሞ በንግግር አልታማም። ልጅ ከማግባቷ በፊት ብትከተብ ነው የሚበጃት፣ ሁለቱንም ካልወሰደች አልጨረሰችም ብዬ ሰበክሁ።

ሌሎቹ ሲያጉረመርሙ አቶ ኦይታ የሚባሉ፣ በአልዱባ በኩል የሚኖሩ ከብት አርቢ ተነሡ። እህታቸው በዚሁ በሽታ ተሠቃይታ መሞቷን ለሰዉ ነገሩ። ከዚያ ልጃቸውን ዱካን እጇን ይዘው ከሰልፉ ፊት አቆሟት። ስድስተኛ ክፍል ነበረች። ስወጋት ዓይኗን አልጨፈነችም፤ ሁለተኛው መቼ እንደሆነ ብቻ ጠየቀችኝ። ከስድስት ወር በኋላ አልኳት።

ስድስት ወሩ ደረሰ፣ መድኃኒቱ አልደረሰም። የበላይ ስንጠይቅ እጥረቱ የዓለም ነው፣ ጠብቁ ተባልን። እስቲ የዓለም እጥረት ለቀይ አፈር ገበያተኛ እንዴት ይነገራል? ዕድሜዬን ሙሉ «ቀጠሮ አክብሩ» ስል ኖሬ፣ አክብረው ለመጡት ባዶ እጄን ማሳየት ሞት ሆነብኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንዲሉ፣ ያየኝ ወላጅ ሁሉ «የታለ?» ይለኛል። ሐሙስ ገበያው ሲቆም በጓሮ በኩል እየዞርኩ ወደ ቤቴ መግባት ጀመርኩ።

ቀጠሮው ካለፈ ዓመት ሊሞላ ሲል፣ አንድ ሐሙስ አቶ ኦይታ ከከብት ተራው ጀርባ ያዙኝ። ዱካ ዩኒፎርሟን ለብሳ ከኋላቸው ቆማለች። ሊቆጡኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ለካ የመጡት ለሌላ ጉዳይ ነው። ልጅቷን ለትዳር የጠየቀ ቤተሰብ አለ፤ እሳቸው ግን የእኔን ቃል ይዘው፣ መድኃኒቷን አልጨረሰችም እያሉ ሲያቆዩአቸው ከርመዋል።

«እኔ አንተን ሰማሁ» አሉኝ። «ልጄን የጠየቀውን ሰውዬ ጠብቅ አልኩት። አሁን እሱ ተቆጣ። አንተ ንገረኝ፤ መርፌው ቢዘገይ ይጎዳል? ካገባች በኋላ ቢሰጣት ይበላሻል?»

«ቢዘገይም አይጎዳም» አልኳቸው። «ሲመጣ የትም ትሁን ፈልጌ እሰጣታለሁ።»

መልሱ ልክ ነበር። ዛሬም ፈተና ላይ ቢጠየቅ ያንኑ እጽፋለሁ። አቶ ኦይታ እፎይ ብለው እጄን ጨበጡኝ፤ እኔም ሳልሰደብ በመቅረቴ ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይግላል።

ዱካ ቀና ብላ አየችኝ። ነገር በዓይን ይገባል፣ ገብቶኛልም። የጋብቻ ሕጉ ዐሥራ ስምንት ዓመት እንደሚል አውቃለሁ። አባቷ ከማንም ይልቅ እኔን እንደሚሰሙ አውቃለሁ። መዋሸት እንኳ አያስፈልገኝም ነበር፤ መርፌው ቢዘገይ አይጎዳም፣ ልጅቷ ግን ገና ናት፣ ትማር ብል ይበቃ ነበር። የጋብቻ ነገር የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሥራ ነው፣ የእኔ ክፍል ክትባት ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ተሰናብቻቸው ሄድኩ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ክትባቱ መጣ። ትምህርት ቤት ሄጄ ስሟን ብጠራ ጓደኞቿ አግብታለች አሉኝ። ቃሌ ቃል ነው ብዬ የክትባት ሳጥኑን በሞተር ጭኜ ካኮን አልፌ ከባሏ መንደር ደረስኩ። ዱካ ደጅ ማሽላ ስታሰጣ አገኘኋት። ስታየኝ ሥራዋን ትታ መጣችና ክንዷን ሰጠችኝ። ወግቻት ስጨርስ ነው የጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ ያን ቀን አላየኸኝም?»

«አይቼሻለሁ» አልኳት።

«እኔ እኮ መድኃኒቱ ሲቀር ደስ ብሎኝ ነበር» አለች። «እሱ እስኪመጣ እማራለሁ ብዬ።»

እኔ በየጓሮው የተደበቅሁበት እጥረት፣ ለእሷ የትምህርት ዓመት ነበር። ሳጥኑን ዘግቼ ሞተሬን አስነሣሁ። ዱካ ወደ ትምህርት ቤት አልተመለሰችም።

ከዓመታት በኋላ ጂንካ ለሥልጠና ተጠራን። አሠልጣኙ መመሪያው መለወጡን፣ ከእንግዲህ ለአብዛኞቹ ልጃገረዶች አንድ መርፌ እንደሚበቃ ነገረን። ሁለተኛ ዙር ፍለጋ ቀረልን ብለው ባልደረቦቼ አጨበጨቡ። እኔም አብሬ አጨበጨብኩ፤ ጥሩ ዜና ነበር። ግን ከመጀመሪያውም አንድ ቢሆን ኖሮ ዱካ ያቺን አንድ ዓመት እንኳ ባላገኘች ነበር እያልኩ፣ የቀረውን ሥልጠና ሳልሰማ ዋልኩ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። አዲስ ክትባት ሰጪዎች አንዳንዴ ምክር ይጠይቁኛል። ስለ ፍሪጁ ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ። የምነግራቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። ወላጅ የልጁ መርፌ መዘግየት ይችል እንደሆነ ከጠየቃችሁ፣ ከመመለሳችሁ በፊት ለምን እንደፈለገው ጠይቁት። ልጅቷ አጠገቡ ከቆመች፣ እሷንም ጠይቋት።