የእትዬ ስንዱ ቴስተሮች

ባለፈው ሳምንት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የጎረቤታችን ፍሪጅ ተቃጠለ። የቀለጠ ፕላስቲክ ሽታ በመስኮት ሲገባ፣ አርሂባ በሚባለው የወደብ ከተማ ሰፈር ያደግሁበት ግቢና እትዬ ስንዱ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ።

እትዬ ስንዱ ከቤታችን አጠገብ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ነበራቸው። አምፖል፣ ሽቦ፣ ፊውዝና ኤሌክትሪክ የሚለካበት ቢጫ ቴስተር ይሸጣሉ። ባላቸው ወደብ ውስጥ ኤሌክትሪሺያን ነበሩ። አንድ ቀን የክሬን መስመር ሲለኩ ኃይሉ ድንገት ጨመረና ቴስተሩ እጃቸው ላይ ፈነዳ፤ ከቃጠሎው አልተረፉም። ያንን ቴስተር ከመደርደሪያ አውርደው የሰጧቸው እትዬ ስንዱ ራሳቸው ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ ከየካርቶኑ ጥቂቱን ሳይሞክሩ መሸጥ ተዉ። የባላቸው ጓደኛ ኃይል አጠራቅሞ ባንዴ የሚለቅ የብረት ሣጥን ሠራላቸው። ጓሮ፣ በአሸዋ ከረጢት የተከበበ ጉድጓድ ውስጥ ቴስተሩን ያስቀምጡና «ልጆች፣ ወደ ቤት!» ይሉናል። ሣጥኑ ጥዝዝ ማለት ይጀምራል። ጆሯችንን ይዘን እንጠብቃለን። አንዳንዱ ቴስተር ጭስ እንኳ ሳይወጣው ጸጥ ይላል፤ የሚሸጡት ያንን ዓይነት ነው። አንዳንዱ ግን ግድግዳውን አናውጦ ይፈነዳል። እትዬ ስንዱ በጥቁር ልብሳቸው ጎንበስ ብለው ስብርባሪውን ያያሉ። አያለቅሱም። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነበር።

ካምሲን የሚባለው ትኩስ ነፋስ በሚነፍስበት ወራት አዲስ ካርቶን መጣ። የሞከሩት ሁሉ ፈነዳ። ያመጣው ነጋዴ ግን ከዚያው ዕቃ ለወደብ ሠራተኞች ሸጦ ነበር። እትዬ ስንዱ በዚያ ሐሩር ነጠላቸውን ተከናንበው ቤት ለቤት ወጡ። እኛ ጋ ሲደርሱ፣ የማቀዝቀዣ ኮንቴይነር የሚጠግነው አባቴ ለሥራ ጫማውን እያሰረ ነበር።

«ቴስተርህን አምጣ» አሉት።

«እትዬ ደግሞ! ሺህ ቮልት ይችላል ተብሎ ተጽፎበታል እኮ» ብሎ ሳቀ።

«በዚያኛውም ላይ ተጽፎ ነበር።»

የአባቴ ሳቅ ከፊቱ ጠፋ። ተከትሏቸው ጓሮ ሄደ። ያን ቀን በመስኮት አየሁ፤ ጉድጓዱ ቦግ አለ፣ የቴስተሩ ክዳን ተወርውሮ የአጥሩን ቆርቆሮ በሳ። አባቴ ቀዳዳውን ትክ ብሎ እያየ ቆመ። እትዬ ስንዱ ላባቸውን ጠርገው «ሌላ ማን ነው የገዛ?» አሉት።

ሁሉንም አላገኟቸውም። ከወደብ በኩል የአምቡላንስ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ሥራቸውን ጥለው ደጃፍ ላይ ይቆሙ ነበር።

እትዬ ስንዱ ካረፉ ቆይቷል፤ ሱቁም ፈርሷል። አባቴ አርጅቷል። ዛሬ ጠዋት ልጄን ትምህርት ቤት ያደረሳት እሱ ነው።